«ኮንጋን ማን ይሰማዋል?» ተብሎ ነበር፦ ስለ ግሎሪያ ኤስቴፋን የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤ ውድ የሙዚቃ ተማሪዎች፤

ዛሬ አንድ ድምፃዊ በስፓኒሽ ዘፍኖ የዓለምን መድረክ ቢይዝ ማንም አይገረምም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች እንዲህ አያስቡም ነበር። ይህን ግምት ካፈረሱት አንዷ ግሎሪያ ኤስቴፋን ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሎሪያ በ1957 በሃቫና ተወለደች፤ የካስትሮ አብዮት ካሸነፈ በኋላ ቤተሰቧ ወደ ማያሚ ተሰደደ። አባቷ በ1961 ካስትሮን ለመጣል በኩባ ላይ በተካሄደው የቤይ ኦፍ ፒግስ ወረራ ተሰልፈው ተማረኩ፤ ከእስር ሲፈቱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ቬትናም ዘመቱ፤ ከዚያ ከተመለሱ በኋላም መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለ የነርቭ በሽታ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። እናቷ ሥራ ሲውሉ አባቷን የምታስታምመው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረችው ልጅ ነበረች። ክፍሏን ዘግታ በጊታር ማንጎራጎር ያዘች፤ ዘፈን የለቅሶዋ ምትክ እንደነበረ ራሷ ተናግራለች።

በ1975 ከኤሚሊዮ ኤስቴፋን ጋር ተዋወቀች፤ በኋላ ማያሚ ሳውንድ ማሽን የተባለውን ባንዱን ተቀላቀለች፤ በ1978 ተጋቡ። «ኮንጋ» የተሰኘው ዘፈን በ1985 ሲወጣ የኩባንያው ሰዎች ለአሜሪካውያን እጅግ ላቲን፣ ለላቲኖች እጅግ አሜሪካዊ ነው ብለው እንደተጠራጠሩ ባልና ሚስቱ ያስታውሳሉ። ዘፈኑ የአሜሪካ ዘፈኖች ተወዳጅነት በሚለካበት በቢልቦርድ ዋና ሠንጠረዥ 10ኛ ደረጃ ደረሰ። በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ግጥሙ እንግሊዝኛ ቢሆንም ከበሮውም ሆነ ፓኪቶ ኤቻቫሪያ የተጫወተው የፒያኖ ሶሎ (የብቻ ጨዋታ) ለማንም ሲባል አለመለዘቡ ነው።

በመጋቢት 1990 በፔንሲልቬንያ በረዷማ መንገድ ላይ አውቶቡሷ በከባድ መኪና ተገጭቶ የአከርካሪ አጥንቷ ተሰበረ፤ ሐኪሞች በብረት ዘንጎች ደግፈውት ዓመት ሳይሞላ መድረክ ላይ ቆመች። በ1996ም በአትላንታ ኦሎምፒክ መዝጊያ ላይ ዘፍናለች፤ ያ ለእኛ የፋጡማ ሮባ ኦሎምፒክ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በ1993 ያወጣችው «ሚ ቲዬራ» ወይም «ምድሬ» የተባለው አልበም ነው። በእንግሊዝኛ ዝናዋ በገነነበት ሰዓት፣ ዘፈኖቹ አዲስ ሆነው በድሮው የኩባ ሙዚቃ ስልት የተቀነባበሩበትን ሙሉ የስፓኒሽ አልበም ሠራች፤ ለዚህም ግራሚ ተሸለመች። ከአጃቢዎቿ መካከል የከበሮ ተጫዋቹ ቲቶ ፑዬንቴ፣ መለከት ነፊው አርቱሮ ሳንዶቫልና ማምቦ ከተባለው የኩባ የዳንስ ሙዚቃ ቀማሪዎች አንዱ የሆነው የባስ (ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ ክር መሣሪያ) ተጫዋቹ ካቻኦ ነበሩ። ካቻኦ በስደት ማያሚ ውስጥ ተረስቶ፣ በሠርግና በክርስትና ድግስ ሲጫወት የኖረ ሊቅ ነው። ባለጸጋዋ ዘፋኝ ወጣት ባለሙያ መቅጠር እየቻለች እኒህን አንጋፋዎች መሰብሰቧ፣ ከሽልማቶቿ ሁሉ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2015 ለእርሷና ለባለቤቷ ካጠለቁላቸው የነፃነት ሜዳይ ጭምር፣ የሚበልጥ ሥራ ይመስለኛል።

አሁን «ኮንጋ»ን፣ ቀጥሎም ከ«ሚ ቲዬራ» የተመረጡ ዘፈኖችን እናዳምጣለን፤ ተማሪዎች በሁለተኛው ላይ የባሱን አካሄድ ልብ ብላችሁ እንድትከታተሉ አደራ እላለሁ።