ከኮርቻው በታች ያለውን ማን ይፈትሽ?

እንደምን ዋላችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች።

ሰብሳቢያችን «አሥር ደቂቃ ነው ያለህ» ብለውኛል። እኔም እሺ ብያለሁ። የምትስቁት ስለምታውቁኝ ነው። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ስላሉን ዛሬ በአማርኛ ነው የምናገረው። መሐል ላይ ከተናደድኩ ወደ አገውኛ ልገባ እችላለሁ፤ ያኔ እንግዶቻችን አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈልኝ ርዕስ «የፈረስ ጤና በበዓል ሰሞን» ይላል። ስለ መኖ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ኮቴ እናገራለሁ፣ አልቀርም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ደመወዝ የምበላበት ሥራ ነው። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው። የመጣሁት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከገበያ ተገዝቶ ጥር 23፣ በፈረሰኞች ማኅበራችን በዓል፣ ጉግስ ሜዳ ላይ ስለሚወጣው ፈረስ ልናገር ነው። ያ «እብድ ነው» የምትሉት።

ሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲቋቋም አባቶቻችን ያሰቡት ዓድዋን ነው። ይሄን ለእናንተ አልነግርም፣ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው የማትሉ የላችሁም። አንድ ነገር ግን ላስታውስ። መታሰቢያው ለሰውየው ብቻ አይደለም። ለፈረሱም ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስተው ዓድዋ ላይ የተዋጉት የካቲት 23 ነው። አምስት ወር ገደማ መንገድ ላይ! ተራራውን አብረው ወጥተው፣ ወንዙን አብረው ተሻግረው፣ ብርዱን አብረው አድረው ነው ሰውና ፈረስ እዚያ የደረሱት። መድፍ ሲጮኽ ፈረሱ የጌታውን እግርና ድምፅ ያውቃል። ጌታውም ፈረሱ የቱ ጋ እንደሚደነግጥ ያውቃል።

ስማቸውንስ አስቡት። ንጉሡ አባ ዳኘው። ባልቻ አባ ነፍሶ። ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። አሉላ አባ ነጋ። ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዛሬ አንዱን ጎረምሳ አስቁሜ «የፈረስህ ስም ማነው?» ስለው «ኧረ ገና አላወጣሁለትም፣ ባለፈው ሳምንት ነው የገዛሁት» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት! እና ነገ ሺህ ሰው በሚያጨበጭብበት ሜዳ ላይ ሊጋልበው ነው።

አሁን የዳማውን፣ የዚያን ቀይ ፈረስ፣ ነገር ልንገራችሁ። ግማሻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ እዚሁ ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም፣ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል።

ልጁ ዳማውን ከገበያ ገዛው። ገበያ ላይ እንደ በግ ቆሞ ነበር። አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፣ እግሩን ያነሳሉ፣ ዝም። ለዚያ ቁመትና ለዚያ ደረት ዋጋውም ረከስ ያለ ነበር። «እንዴት ያለ ጨዋ ፈረስ ነው!» ተባለ። ማታ ቤት ገባ። ጠዋት ጋጣው ሲከፈት ሌላ ፈረስ ነው የተገኘው። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የቀረበውን ሁሉ ልንከስ፣ ልርገጥ ይላል። ታዲያ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ጨዋ የተባለው ደክሞት ነበር። ኋላ ከመጣበት መንደር እንደሰማነው፣ ሻጮቹ ሌሊቱን ሲጋልቡት አድረው ውሃ ሳያቀምሱት ነው ገበያ ያቆሙት። ይህቺን ዘዴ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ የለም!

ከዚያ ምክር ሰጪ በዛ። አንዱ «ገብስ አብዝተህ ስጠው፣ ይለምድሃል» አለው። ሰጠው። ሥራ የሌለው ፈረስ፣ ጨለማ ጋጣ ውስጥ ብቻውን ታስሮ፣ ገብስ በገብስ ሆነ። ገመዱን በጠሰው። አንድ አባት «በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ብለው ተረቱ፣ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ገመዱ ሌላ ክንድ አጠረ። ሌላው ደግሞ «ንቀህ ካልገራኸው ይንቅሃል» አለ። አራት ጎረምሶች ጆሮውን ጠምዝዘው፣ ዓይኑን በነጠላ ሸፍነው ኮርቻ ጫኑበት። አንደኛው ወጣበት። መሬት ላይ ከመገኘቱ በፊት ስንት እንደቆየ ልነግራችሁ አልችልም፣ ልቆጥር ጊዜ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ አለንጋ መጣ።

እኔ የተጠራሁት «ማደንዘዣ ውጋልን» ተብዬ ነው። አልወጋሁም። መጀመሪያ ከጨለማው አውጡት አልኩ። ጓሮው ታጠረ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች፣ የልጁ እናት ንብረት፤ እሷ እዚያው ትሁን አልኩ። መንደሩ በሙሉ ሳቀብኝ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። ሰምቻለሁ! ግን ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን ሲሆን ዘብ የሚቆምለት የለም፣ ስለዚህ አያርፍም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዳምጥ ያድራል። አህያዋ ቀኑን ሙሉ ታላምጣለች፣ ልጆች ሲጮሁ ቀና ብላ እንኳ አታይም። እሱ ጆሮው ሲቆም እሷ ታኝካለች። ቀስ በቀስ እሱም አንገቱን ደፍቶ ድርቆሹን መብላት ጀመረ።

ለልጁ የሰጠሁት ሥራ ደግሞ ከሁሉም ከበደው። ምንም አታድርግ አልኩት። ጓሮው ውስጥ ገብተህ በርጩማ ላይ ተቀመጥ፣ ገመድህን ግመድ፣ ፈረሱን አትየው። ጎረምሳ እንዲህ ያለ ነገር ይጠላል። ግን አደረገው። ዳማው መጀመሪያ ጥግ ይዞ ያንኮራፋ ነበር። ከቀናት በኋላ በጎን በኩል ክብ እየዞረ ቀረበ። አንድ ቀን ከኋላው መጥቶ ባርኔጣውን አሸተተው። ልጁ እንዲዞር ትንፋሹ ጆሮው ላይ እየመጣ ያስጨንቀው ነበር፣ አልዞረም። ፈረሱ ከንፈሩን ላሰ፣ አፉን አላመጠ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ሄደ። ያኔ ነው ነገሩ እንደተበጀ ያወቅሁት።

ፈረስ ዓይኑ በጎን በጎኑ ነው። ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፣ አፍንጫው ፊት ያለውንና ጅራቱ ኋላ ያለውን ግን አያይም። እኛ ደግሞ ወዳጅነታችንን የምንገልጸው እጃችንን ግንባሩ ላይ በመሰንዘር ነው! ከትከሻው በኩል ቅረቡ። እየተናገራችሁ ቅረቡ። መጀመሪያ የምትነኩት አንገቱና ትከሻው የሚገናኙበትን ይሁን። የዳማውን ትከሻ ስነካው ቆዳው ዝንብ እንዳረፈበት ተንቀጠቀጠ። እጄን አላነሳሁም፣ አልገፋሁምም። ቆዳው ሲረጋ እኔ ራሴ አነሳሁት። ይሄን ደጋግመን ወደ ጀርባው ስንሄድ፣ ከጋማው ማለቂያ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በቀዩ ጠጉር መሐል ሁለት ነጫጭ ቦታዎች አገኘሁ። ገጣባ ነበር። ቁስሉ ድኖ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ የበቀለበት። ድሮ ሲጋልበው የነበረው ሰው ኮርቻውን ቁስል ላይ ነው ሲጭን የነበረው።

ከተረጋጋ በኋላ ክሊኒክ ወስደን፣ ማረጋጊያ ሰጥተነው አፉን በባትሪ አየሁት። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ እያደገ ነው የሚሄደው፣ እኩል ካልተበላ ጠርዙ ይሾላል። የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ጉንጩን ከውስጥ በልቶታል። እዚያ ላይ ልጓም! ያውም የእኛ አገር ልጓም፣ ቀለበቱ የታች መንጋጋውን የሚያቅፈው፣ በትንሽ ጉተታ ፈረስን በኋላ እግሩ የሚያቆመው። በሞረድ አስተካከልነው። ጉንጩ እስኪድን አፍ ውስጥ በማይገባው በልባብ ብቻ ተመራ።

ልጁ የዚያን ዓመት ጥር 23 በእግሩ ነው የመጣው። ሜዳ ዳር ቆሞ ሲያይ «ፈረስ የገዛኸው ለአህያህ ጓደኛ ነው?» እየተባለ ተሰደበ። የሰደባችሁት እዚህ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ዳማው በሶምሶማ ሜዳውን ዞሮ፣ ጉግስ ተጫውቶ፣ ጭብጨባና ነጋሪት መሐል ቆሞ ሣር ሲፈልግ አይታችሁታል። ያኔ ደግሞ «የት ነው የገዛኸው?» አላችሁት። የት እንደሆነ ምን ይጠቅማችኋል?

አሁን ልናደድ ነው፣ ታገሡኝ።

እኛ እዚህ ቀበሌ ለበዓሉ ፈረሰኛ ስንመርጥ ምንድን ነው የምናየው? ግላሱ፣ የፈረሱ ጌጥ ልብስ፣ አዲስ መሆኑን እናያለን። ጥልፉን እናያለን። ፈረሰኛው ጎፈር አድርጓል ወይ፣ ነጭ ሱሪው ታጥቧል ወይ እንላለን። ከኮርቻው በላይ ያለውን ሁሉ እንፈትሻለን። ኮርቻውን አንስቶ ጀርባውን ያየ ማን አለ? አፉን የከፈተ ማን አለ? አምና ልምምድ ሜዳ ላይ በአዲስ ፈረስ ምን እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ፈረሱ ነው የተወቀሰው። «ክፉ ነው» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። የገዛው ሰው ደግሞ ይሄን ጊዜ እኛ የሰማነውን ምክር እየሰማ ነው።

ሌላም አለ። ልጆቻችን ፈረስ በኋላ እግሩ ሲቆም ቪዲዮ ይቀርጹና ቲክቶክ ላይ ይለጥፋሉ። ጀግና፣ ጀግና ይባላል። ስልኩን ጠጋ አድርጋችሁ እዩት እስቲ። አረፋው ቀይ ነው። አፉ እየደማ ነው! ፈረሱ ወደ ላይ የሚሸሸው ከሕመሙ ነው። ይሄን ነው ወይ ለዓድዋ ፈረሶች መታሰቢያ የምናቀርበው? አጨብጭቡ እንጂ፣ ዝም አትበሉ! ወይም ተቃወሙኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከኅዳር ወር በኋላ የተገዛ ፈረስ በዚያው ዓመት ጉግስ አይግባ። ባለቤቱ እየመራ በሰልፍ ይምጣ፣ ይታይ፣ ይልመድ፣ ጉግሱን ለከርሞ ያቆየው። ሁለተኛ፣ ከመመረጡ በፊት እያንዳንዱ ፈረስ ኮርቻው ወርዶ ጀርባው፣ ልጓሙ ወጥቶ አፉ ይታይ። ገጣባ ያለበት ይመለስ፣ የማንም ልጅ ፈረስ ይሁን። የኔ ወንድም ፈረስም ቢሆን። እሱም እዚህ አለ፣ እየገላመጠኝ ነው።

ደቂቃዬ አልቋል መሰለኝ፣ ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን አይተዋል። ቃል የገባሁትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

መኖ በአንድ ቀን አትለውጡ። ፈረስ የበላውን ማስመለስ አይችልም፣ ሆዱ ከተነፋና ከቆረጠው ይሞትባችኋል። የለመደውን ከሻጩ ጠይቁና ከእናንተው ጋር እያቀላቀላችሁ አስለምዱት። ድርቆሽ ይብዛ፣ ገብስና ባቄላ በሥራው ልክ ይሁን። ውሃ መጀመሪያ፣ እህል ቀጥሎ። አሞሌ ይኑረው። አዲስ የገባውን ሁለት ሳምንት ያህል ከሌሎች ፈረሶች ለዩት፣ ግን እያያቸው። ንፍጥ ወይም አገጩ ሥር እብጠት ካያችሁ አትጠብቁ፣ ጥሩኝ። ኮርቻ ስትጭኑ የሆዱን ጠፍር በአንድ ትንፋሽ አታጥብቁ፣ ጥቂት አራምዱትና ድገሙት። በግራ ሲወጡበት የለመደውን በቀኝ አትምጡበት፣ ሁለቱንም ጎን ቀስ ብሎ ይልመድ። ስለ ኮቴ ባለፈው ዓመት ተናግሬያለሁ፣ ያንኑ ነው የምለው።

ይኸው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዙልኝና ዛሬውኑ እጅ ይውጣባቸው፣ ለከርሞ ይደር አይባል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ክሊኒኩ በር ላይ እቆማለሁ። ፈረሶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ጀርባና ጥርስ በነፃ አያለሁ። ኮርቻውን ግን እቤት ትታችሁት ኑ።