ጣርማ በርን የሚያስወጣው አየር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ላንድ ክሩዘሬ ነው፤ ተርቦ ሳስገጥምለትና የጭስ ማውጫውን ሳስቀይርለት መጀመሪያ ስላጠፋሁት፣ ኋላም ስላቀናሁት ሥራ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መኪናዬ ሃርድ ቶፕ ሲሆን ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ተርቦ የለውም፤ አየር የሚስበው በፒስተኖቹ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይደክማል። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ጣርማ በር የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ፣ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት እየሰማ፣ ከኋላው የከባድ መኪና ጥሩምባ ይጮኽበታል።

ተርቦ ይህን የጎደለ አየር ይመልሳል። በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ መዘውሮች አሉት፤ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን ሲያሽከረክረው ሌላው ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል። በእኔ እምነት ለደገኛ ሰው ተርቦ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። ከፍታው የወሰደብንን ማስመለሻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ደግሞ ሞተር ይበላል።

እኔ ከዚያ በላይ ጠየቅሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ከሌላ መኪና የተፈታ ተርቦ ገጠመልኝ፤ የቀድሞውን ጠባብ የጭስ ቧንቧና አሮጌውን ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን) እንዳለ ተወው፤ ከዚያም በናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን ቪቴ አጥብቆ የነዳጁን መጠን ጨመረው። የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሙከራ ስንወጣ መኪናው ሲፈተለክ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በመስታወቱ የማየውን ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት አድርጌ ቆጠርሁት፤ ጥቁር ጭስ ግን አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡት እናቶች ሳልፍ በነጠላቸው መሶባቸውን ሲሸፍኑ አይቻለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ አለ። ናፍጣ ሞተር ካገኘው አየር በላይ ነዳጅ በተጨመረለት ቁጥር የሚወጣው ጭስ እየጋለ ይሄዳል። ጠባብ ቧንቧ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ተርቦውን የሚያዞረው በፊቱና በኋላው ባለው ጭስ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነውና፣ ከኋላው መውጫ ያጣ ጭስ ተመልሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይታፈናል፤ ተርቦውም ዘግይቶ ይነሣል፤ ሙቀቱ ሁሉ ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ቴስታታና በፒስተኑ ላይ ያርፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የውኃ ሙቀት መርፌ ይህን የሚናገረው እጅግ ዘግይቶ ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። ከደብረ ሲና በላይ፣ ጉም መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ መርፌው ከመሃል ተነሥቶ ቀይ እስኪደርስ ሁለት ጠመዝማዛ እንኳ አልፈጀም። ዳር ይዤ ስቆም የራዲያተሩ ውኃ እየፈላ ይወጣ ነበር፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይተናል። መኪናው ተጎትቶ ደብረ ብርሃን ገባ። ቴስታታው ተፈትቶ በናፍጣ ሲታጠብ፣ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ከጸጉር የማይወፍር ስንጥቅ ታየ። ጣቴን ሳሳልፍበት አይሰማኝም፤ የጥፍሬ ጫፍ ግን ይይዘዋል።

የፈቱት አረጋዊ መካኒክ ፖምፓውን አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ መኪና ናፍጣ መቼ አነሰውና ነው የጨመራችሁለት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ጋሼ፣ እንግዲህ እንዴት ይሁን?» ብዬ ዝም ብዬ ሰማኋቸው።

እርሳቸው የያዙት ቅደም ተከተል የጋራዡ ተገላቢጦሽ ነበር። መጀመሪያ የገባው የጭስ ሙቀት መለኪያው ነው፤ የመለኪያው ዘንግ ከተርቦው በፊት፣ ጭሱ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ተቀበረ፤ 700 ዲግሪ ሴልሲየስን የማልሻገረው ወሰን አድርገን ያዝን። ቀጥሎ የጭስ ማውጫው ከተርቦው ጀምሮ እስከ ጫፉ በሦስት ኢንች ቧንቧ ተቀየረ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው፣ ቧንቧው ሲታጠፍ መጨማደድ እንደሌለበት ነው፤ ሰፊ ቧንቧ ገዝቶ መታጠፊያው ላይ ማጥበብ ገንዘብ መጣል ነው። ማርሚታውን አላወጣነውም፤ ጭስ በደንብ የሚያሳልፍ አይነት ተገጠመለት እንጂ፤ ሌሊት በሰው ደጅ የሚያልፍ መኪና መጮኽ የለበትም። ተርቦው የሚጨምረው ግፊት በከባቢ አየር ግፊት ግማሽ ገደማ ተወሰነ፤ ይህ ሞተር አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ የሚያምቅ በመሆኑ ብዙ ግፊት አይችልም። ተርቦውም በስስ አየር ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከቆላው ይልቅ በፍጥነት መሽከርከር አለበትና፣ የግፊቱ መወሰን ለእርሱም ይበጀዋል። ናፍጣው በመጨረሻ፣ ጭሱ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ፣ በጥቂት በጥቂቱ ተስተካከለ።

አሁን በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችለው ያ የተርቦው ዘንግ የሚኖረው በዘይት ላይ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ፤ የአየር ማጣሪያውንም ከመንዝ አቧራ በተመለስኩ ቁጥር ከፍቼ አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስምንት ኩንታል ጭኜ ከሸዋ ሮቢት ወጣሁ። ከደብረ ሲና በላይ ጌጁ 640 ሲያሳይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለስኩ፤ እግሬን ጥቂት ሳነሣ ወደ 560 ወረደ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ ዳር ያዝኩና፣ በተርቦው ውስጥ ያለው ዘይት በሙቀት እንዳይከስል፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆምኩ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ስመለከት የታየኝ ጉሙ ብቻ ነበር።