ዩጋንዳ፦ ከጅማ ሆነን ስናያት

ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ከጅማ ሆነን ስለ ዩጋንዳ መሬት፣ ሕዝብና ኢኮኖሚ እንነጋገራለን። ቡናችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ፤ ወደ ኋላ ስለ ቡና ብዙ ማለታችን አይቀርም። ከአንድ ቦታ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

(ካርታው ይታያል)

ዩጋንዳ ከኬንያ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ ከሩዋንዳና ከታንዛኒያ ጋር የምትዋሰን፣ እንደ እኛው የባሕር በር የሌላት አገር ናት። ስፋቷ 241 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ወገብ በደቡባዊ ክፍሏ ያልፋል፤ ሆኖም አብዛኛው መሬቷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር የማያንስ አምባ ስለሆነ ሙቀቱ ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። በምዕራብ የሩዌንዞሪ ተራራ እስከ 5,109 ሜትር ይዘልቃል፤ ይህም ከራስ ዳሽን ይበልጣል ማለት ነው። በምሥራቅ ኤልጎን አለ፤ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ዝናብ የሚያጥራት፣ ሕዝቧ በከብት የሚተዳደር ካራሞጃ ትገኛለች። ደቡብ ምሥራቁን የያዘው ሰማያዊ ቀለም ኬንያና ታንዛኒያ የሚጋሩት የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ግድ ሆነብን። ይህን ሐይቅ ባነሳን ቁጥር ከተመልካቾቻችን የሚመጣ አንድ አስተያየት አለ፤ «የዓባይ ውሃ የሚመጣው ከዩጋንዳ ነው፤ የእኛ ድርሻ ጥቂት ነው» የሚል። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ብቻ ሳይሆን የተገላቢጦሽ ነው። ነጭ ዓባይ ጂንጃ በተባለችው ከተማ አጠገብ ከቪክቶሪያ ሐይቅ መውጣቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ደቡብ ሱዳን ሲደርስ ሱድ የሚባል እጅግ ሰፊ ረግረግ ይጠብቀዋል፤ እዚያም ከገባው ውሃ ግማሽ ያህሉ ተንኖ ይቀራል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማ የሚሄደው ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ነው። ከጅማ ዞን ተነሥቶ ዓባይን የሚቀላቀለው ዴዴሳም በዚህ ድርሻ ውስጥ አለበት። ጊቤን ጨምራችሁ የጻፋችሁልን አላችሁ፤ የአገር ፍቅራችሁን እናከብራለን፤ ነገር ግን ጊቤ ኦሞ ሆኖ የሚገባው ቱርካና ሐይቅ ነው፤ ካይሮን አያውቃትም።

ታዲያ የዩጋንዳው ወንዝ ዋጋ የለውም ማለት ነው? በፍጹም። የእኛው ዓባይ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ ከቪክቶሪያ የሚወጣው ግን ሐይቁ እንደ ጎተራ ስለሚያጠራቅመው ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳይዋዥቅ ይፈስሳል። ዩጋንዳ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታመነጨው ከዚሁ ወንዝ ነው። በ1954 ጂንጃ ላይ በተመረቀው ግድብ ተጀምሮ፣ 250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ቡጃጋሊ ተከተለ፤ 600 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ካሩማም በ2024 ተመርቋል። ይህን ክፍል ሳትዘልሉ ያዳመጣችሁ፣ ቻናላችንን ሰብስክራይብ ማድረጉን አትርሱ።

ወደ ሕዝቡ እንለፍ። በ2024 በተደረገው ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 45.9 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ግማሹ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ነው። በቁጥር የሚበልጡት ባጋንዳዎች ቢሆኑም ከስድስት ሰው አንዱ ያህል ናቸው እንጂ ብዙኃን አይደሉም። ቡጋንዳ ከእንግሊዝ ጋር በ1900 ተዋውላ ንጉሧን ይዛ የቆየች መንግሥት ናት። ለጅማ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይሆንበትም፤ ዳግማዊ አባ ጅፋርም ለምኒልክ ገብረው ጅሬን ላይ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ኖረዋል። የእኛው በ1932 አበቃ፤ የዩጋንዳ ነገሥታት ደግሞ በ1967 ሕገ መንግሥት ተሽረው በ1993 የባህል መሪዎች ሆነው ተመለሱ። በመካከሉ ኢዲ አሚን አለ። በ1972 የእስያ ተወላጆችን በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቃችሁ ውጡ ብሎ አባረረ፤ ንግዱና ፋብሪካው በእነርሱ እጅ ስለነበር ኢኮኖሚው ለዓመታት አላገገመም። ከ1986 ወዲህ የሚመሩት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ናቸው። ዛሬ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን የተቀበለችው ይህች አገር ስትሆን፣ ብዙዎቹን በካምፕ ከማጎር ይልቅ ቁራሽ መሬት ሰጥታ ማስፈሯ ያስመሰግናታል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደምንወደው ነገር ደረስን፤ ቡና። «ዩጋንዳ በቡና በለጠችን» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ቁጥሩን እንመልከት። በ2023/24 የበጀት ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2016፣ ዩጋንዳ ባለ 60 ኪሎ 6.1 ሚሊዮን ጆንያ ላከች፤ ይህም 368 ሺህ ቶን ገደማ ነው። ኢትዮጵያ የላከችው 298 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። በኪሎ በለጡን። በዶላርስ? ዩጋንዳ 1.14 ቢሊዮን፣ ኢትዮጵያ 1.43 ቢሊዮን አገኙ። ሲካፈል የእነርሱ ኪሎ ከ3 ዶላር ጥቂት የዘለለ ሲሆን የእኛው ወደ 4.80 ይጠጋል። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋጋ ሰማይ ስለነካ የሁለቱም አገሮች ገቢ ከ2 ቢሊዮን ዶላር ተሻገረ።

የዋጋው ልዩነት ከየት መጣ? ከዘሩ። ዩጋንዳ ከምታመርተው አምስት እጅ አራቱ ሮቡስታ ነው። ሮቡስታ ቆላማና ሞቃት ቦታ ይስማማዋል፤ ካፌይኑ ከእኛው ዘር ከአረቢካ እጥፍ ይጠጋል፤ ጣዕሙ ግን ይመርራል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ለፈጣን ቡናና ለኤስፕሬሶ ቅይጥ ይውላል፤ ጣሊያንም ዋና ገዢው ናት። ሮቡስታን የሚንቅ የጅማ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ የሥነ ዘር ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት አረቢካ ራሱ ሮቡስታ ዩጂኒዮይደስ ከተባለ ሌላ የዱር ቡና ጋር በተፈጥሮ ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ወላጅ አይናቅም።

አሠራሩንም እንየው። እኛ ዘንድ ቡናው በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በቡጋንዳ ገበሬው ቡናውን የሚተክለው በሙዝ መካከል ነው። ሙዙ ጥላም ቀለብም ነው፤ ማቶኬ የሚሉት ያልበሰለው ሙዝ ተልጦ፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስልና እንደ ገንፎ ተጨፍልቆ ከኦቾሎኒ ወጥ ጋር ይቀርባል። የደረቀውን የሮቡስታ ፍሬ ኪቦኮ ይሉታል፤ የእኛው ጀንፈል መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ የቡና አድርቅ በሽታ ገብቶ ከሮቡስታ ዛፎቻቸው ግማሽ ያህሉን ጨርሶባቸው ነበር። ተመራማሪዎቻቸው በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አውጥተው መተካት ጀመሩ፤ በ1970ዎቹ ኮሌራ የምንለው የፍሬ በሽታ ሲያጠቃን ከጅማ የምርምር ማዕከል እንደወጡት 74110 እና 74112 ማለት ነው።

ነገር ግን በኪሎ የበለጡን በማምረት ብቻ አይደለም። እኛ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ እንጠጣዋለን። ዩጋንዳዊው ሻይ በወተት ይመርጣል፤ ቡናውን ይልከዋል። ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ ቅር የሚያሰኘን ሰዎች በላኪነት ደረጃ መበለጣችን ሊገርመን አይገባም፤ እኔ በበኩሌ ስኒውን አልለቅም።

የቀረውን ፈጠን እንበል። ወርቅ በዋጋ ከቡና በልጦ የወጪ ንግዱን ይመራል፤ የሚወጣው ግን ሁሉም ዩጋንዳ ውስጥ የተቆፈረ አይደለም፤ ከጎረቤት መጥቶ ተጣርቶ የሚላከው ብዙ ነው። በቱሪዝም በኩል ብዊንዲ የተባለው ደን በዓለም ካሉት የተራራ ጎሪላዎች ግማሽ ያህሉን ይዟል። በ2006 ደግሞ በአልበርት ሐይቅ ዳርቻ ነዳጅ መገኘቱ ተረጋገጠ። ነዳጁን እስከ ታንዛኒያው ታንጋ ወደብ የሚያደርሰው ቧንቧ 1,443 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የዩጋንዳ ነዳጅ ሰም ስለሚበዛበትና ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ቧንቧው መንገዱን ሙሉ መሞቅ አለበት። ይህ የሚጠይቀውን ወጪ ስለ ታንዛኒያ በምናዘጋጀው ቪዲዮ ታንጋ ስንደርስ በዝርዝር እናየዋለን።