ነርቭ ሲለምድ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህንን ክፍል የምቀዳው ጅማ ውስጥ በቤቴ ተቀምጬ ነው፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ስላላባራ የቆርቆሮው ድምፅ ከንግግሬ ጋር ተቀላቅሎ ቢሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ የማነሣው «ይለመዳል» የሚለውን ቃል ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ተኩል ይህንን ቃል ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረቦቼና ከአንድ የጤና ባለሙያ ጭምር ሰምቼዋለሁ። ሁሉም ሊያጽናኑኝ ብለው በቅንነት እንደተናገሩት አውቃለሁ፤ ሆኖም የነርቭ ሕመምን በሚመለከት ቃሉ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን በዝርዝር ልንገራችሁ።

እኔ የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል በግራ ጎኔ፣ ከጀርባ አጥንቴ ተነሥቶ እስከ እምብርቴ የሚደርስ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣብኝ፤ አልማዝ ባለጭራ የምንለው በሽታ ነው። በልጅነታችን ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ከሰውነታችን ጠፍቶ አይጠፋም፤ ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ በሚገኝ የነርቭ ሥር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ይቆይና የመከላከል አቅማችን ሲዳከም ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ የሚዘረጋውም ያ ነርቭ የሚያገለግለው የቆዳ ክፍል በዚያ መልክ ስለተዘረጋ ነው። ቫይረሱን የሚገታው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ እኔ ግን ወደ ሐኪም የሄድኩት በስድስተኛው ቀን ነበር። ለምን ዘገየሽ ብትሉኝ፣ ስላፈርኩ ነው። በአገራችን አልማዝ ባለጭራ ሲባል የሰዉ ሐሳብ ቶሎ ወደ ኤች አይ ቪ ይሄዳል፤ በእርግጥ ኤች አይ ቪ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም በሽታው እንዲወጣ ያደርጋል፤ ነገር ግን ዕድሜና ሌሎች ሕመሞችም ያወጡታል። ለዚያ ዓይነት እይታ ስል ያጠፋኋቸውን ቀናት ዛሬም ድረስ እያሰብኩ አዝናለሁ።

ሽፍታው በአንድ ወር ውስጥ ደርቆ ረገፈ፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። አንድ ቀን ከመርካቶ ወደ አጂፕ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ዘርፉ ጎኔን ዳሰሰኝ፤ ፍም የነካኝ ያህል ጮኽኩ። እኒያ እናት ደንግጠው «ምን አደረግሁሽ ልጄ?» አሉኝ። ምን ብዬ እመልስላቸዋለሁ? የነካኝ ነጠላ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ በመዳፌ ያንኑ ቦታ ጠበቅ አድርጌ ስጫነው ግን ሕመሙ ቀለል አለልኝ። የጥጥ ዘርፍ የሚያቃጥለው፣ የእጅ ጭነት የሚያስታግሰው ቆዳ ምን ዓይነት ቆዳ ነው? እናቴ ምክንያቱን ሳትጠይቅ መቀነቷን ፈትታ ወገቤን አጥብቃ አሰረችልኝ፤ ቀሚሴ እየተንቀሳቀሰ ቆዳዬን መዳሰሱን ሲተው መተኛት ቻልኩ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ እንዲህ ባለው ሕመም ለብዙዎች የሚብሰው በቆዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ቀላል ንክኪ ነው።

ለ14 ዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነርቭን እንደ መብራት ሽቦ ስዬ አስተምሬአለሁ፤ እግር እሾህ ይወጋዋል፣ መልእክቱ ሽቦውን ይዞ ወደ አንጎል ይወጣል፣ አንጎል «አመመኝ» ይላል። በዚህ ሥዕል መሠረት እሾሁ ሲነቀል ሕመሙ ማብቃት ነበረበት። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1983 ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለው ተመራማሪ በአይጦች ላይ ባደረገው ሥራ ያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚለወጠው የተጎዳው ቦታ ብቻ ሳይሆን መልእክቱን የሚቀበለው ሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም በጀርባ አጥንታችን ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ጭምር ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። የሕመም ነርቮች በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ለሚቀጥለው የነርቭ ሴል መልእክት የሚያቀብሉት ግሉታሜት በሚባል ንጥረ ነገር ነው። በተቀባዩ ሴል ላይ ካሉት በሮች አንደኛው በማግኒዚየም የተወተፈ ስለሆነ በአዘቦቱ ቀን አይከፈትም። የተጎዳው ነርቭ ያለማቋረጥ መልእክት ሲያዥጎደጉድ ግን ማግኒዚየሙ ከበሩ ይነሣል፣ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፣ የሁለቱ ሴሎች ግንኙነትም ይጠነክራል፤ ከዚያ ወዲያ ትንሽ መልእክት ትልቅ ምላሽ ታስነሣለች፤ የንክኪን መልእክት ብቻ ያመላልሱ የነበሩት ነርቮችም የሕመሙን መንገድ መቀስቀስ ይጀምራሉ። የነጠላው ዘርፍ እንደ ፍም የተሰማኝ በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን ባነበብኩበት ሌሊት ቁጭ ብዬ የቀረሁት ግን ስለ በሩ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ አንጎላችን አዲስ ነገር አጥንቶ የሚይዝበት መንገድም በአብዛኛው ይኸው ራሱ ነው።

ወደ ቃላችን ልመለስ። «ብርዱን ለመድኩት» ስንል ብርዱ አያስቸግረኝም ማለታችን ነው። «ልጁ ብስክሌት መንዳት ለመደ» ስንል ደግሞ ደጋግሞ ሠልጥኖበታል፣ ከእንግዲህ ሳያስብም ይነዳል ማለታችን ነው። ጎረቤቶቼ «ይለመዳል» ሲሉኝ ያሰቡት የመጀመሪያውን ነበር፤ በነርቮቼ ውስጥ የሆነው ግን ሁለተኛው ነው። ቻል አድርጊው እየተባልኩ ዝም ባልኩባቸው ወራት ሕብለ ሰረሰሬ መታመምን እየሠለጠነበት ነበር።

አንጎልም ባለበት አይቆይም። በዚያው በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2004 ተመራማሪው ቫንያ አፕካሪያንና ባልደረቦቹ ከአንድ ዓመት በላይ የጀርባ ሕመም የነበረባቸውን 26 ሰዎች በኤምአርአይ መርምረው፣ ግራጫው የአንጎላቸው ክፍል ከጤነኞቹ ከ5 እስከ 11 በመቶ አንሶ አገኙት፤ በተለይ ለማመዛዘንና ለመወሰን በምንጠቀምበት የፊተኛው ክፍል ላይ። ይህንን ስሰማ በጣም ፈርቼ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የተማሪ ስም የሚጠፋብኝ ለካ ለዚህ ነው ብዬ አልቅሻለሁ። ፍርሃቴን ያቀለለልኝ በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያቸው ተበላሽቶ ለረጅም ጊዜ ሲሠቃዩ የነበሩ ሕመምተኞች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሕመሙ ሲለቃቸው አንሶ የነበረው ክፍል መልሶ ጨምሮ ተገኘ። እንግዲህ ማነሱ ሴሎቹ ሞተዋል ማለት አልነበረም።

አሁን ደግሞ በጣም የምቆጭበትን ነገር ልንገራችሁ። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላስረዳኝም። መድኃኒት ቤት ስጠይቅ «የድብርት ነው» ተባልኩ። ሕመምሽ የጭንቅላትሽ ፈጠራ ነው የተባልኩ መስሎኝ እልህ ያዘኝና እሽጉን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፤ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ቆየ። ያኔ ማንም ያልነገረኝ ይህንን ነው፤ ከአንጎል ግንድ ተነሥተው ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርዱ፣ የሚወጣውን የሕመም መልእክት የሚያበርዱ ነርቮች አሉ፤ እነርሱም ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን በሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይሠራሉ። ሥር በሰደደ ሕመም ይህ ልጓም ይላላል። መድኃኒቱ እነዚያ ንጥረ ነገሮች እንዲበረክቱ ያደርጋል፤ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠውም ለድብርት ከሚታዘዘው ባነሰ መጠን ነው። ሁሉንም ሰው አይረዳም፣ አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ የልብ ሕመም ላለበት ሰውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔን ግን ረድቶኛል። ሐኪሞች ሆይ፣ እባካችሁ ይህንን መድኃኒት ስታዝዙ ሁለት ደቂቃ ጨምራችሁ አስረዱ።

በዚህ ዓመት ሰሌዳው ላይ የምስለው ሥዕል ተለውጧል፤ ወደ ላይ ከሚወጣው ቀስት አጠገብ ወደ ታች የሚወርድም እጨምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የለመደ ነርቭ መልሶ ይረሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ መርሳት ሳይሆን በላዩ ሌላ ነገር እንደ መልመድ ነው አልኳት፤ እኔም እየሞከርኩት ያለሁት ይህንኑ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ባሳየችኝ መሠረት ማታ ማታ መቀነቴን ፈትቼ፣ ቦታውን በዓይኔ እያየሁ፣ መጀመሪያ በጥጥ፣ ቀጥሎ በእናቴ ነጠላ ቆዳዬን ቀስ እያልኩ እዳስሳለሁ። ስጀምር ከ5 በላይ መቁጠር አልቻልኩም ነበር። ትናንት ማታ በነጠላው 40 ድረስ ቆጠርኩ። የሱፍ ሹራቤን ግን ገና አልሞከርኩትም፤ ሳጥኑ ውስጥ ነው።