ማዕዳችንን የበተነው ምን ፈርቶ ነው?

(ኮምቦልቻ፣ የሠራተኞች የንባብ ክፍል ሲከፈት የተደረገ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐረጎን ወርዳችሁ ከደሴ የመጣችሁ እንግዶችም እንኳን ደህና መጣችሁ። የተሰጠኝ አሥር ደቂቃ ነው። እንደማይበቃኝ አስተባባሪዎቹም ያውቃሉ።

ስለ መጻሕፍት ጥቅም ተናገሪ ተብዬ ነው የተጠራሁት። መጻሕፍት ጥሩ ናቸው። ይኸው ጨረስኩ። አሁን ስለ ምሳ ላውራ።

ልብስ ፋብሪካው ስፌት ላይ አብራችሁኝ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ። ምሳ ዕቃችንን አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን ነበር የምንበላው። የአንዷ እንጀራ ጤፍ፣ የሌላዋ ማሽላ፤ ወጡ ግን ሁሌም ሽሮ። ሽሮ ደጉ፣ ሃይማኖት አይጠይቅም። ከመካከላችን አንዲት የቃሉ ወረዳ ልጅ ነበረች፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ድምጿ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ፎቶ ኮፒ አድርጋ አመጣችና ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር። እያነበበች እንዴት ትብላ? እኛ እናጎርሳታለን። አንድ አንቀጽ፣ አንድ ጉርሻ። አፏ ሞልቶ "ማንኛውም ሠራተኛ" ስትል የሽሮው ፍንጣቂ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ረመዳን ሲገባ ማጉረሱ ቀረ፤ እሷ ሰዓቱን ሙሉ ታነባለች፣ እኛ ክርስቲያኖቹ እየበላን እንሰማለን። እውነቱን ለመናገር አዋጁን ከግማሽ በላይ የገፋነው በረመዳን ነው!

አንድ ቀን ትርፍ ሰዓት ላይ ደረስን። እስከ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል፣ ከዚያ እስከ ንጋት 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። እስቲ ድገሚው አልናት። ደገመችው። ሁላችንም የደመወዝ ወረቀታችንን አወጣን። የሌሊቱም፣ የእሁዱም፣ የመውሊዱም፣ የጥምቀቱም በአንድ ሒሳብ ነው የተሠራው። ያን ቀን ትሪው ላይ እንጀራ ተረፈ፤ የሚበላው ጠፋ።

አቤት ማለት ከሥራ እንደማያስባርር አንብበን ስለነበር ተነስተን ቢሮ ሄድን። ተሳስታችኋል አላሉንም። "ማን ነው ያስተማራችሁ?" ነው ያሉን። ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከዛሬ ጀምሮ ምሳ ተራ በተራ፣ ወረቀት ይዞ መግባትም ክልክል። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፣ በር ላይ እንተላለፋለን፣ አለቀ። ከገንዘቡስ ተጨቃጭቀን ከፊሉን አግኝተናል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ማዕዳችንን መበተናቸው ነው።

ሽሮና ፎቶ ኮፒ ምኑ ያስፈራል? ለብቻዋ ያነበበች ሴት ቤቷ ገብታ ትብሰለሰላለች። አንድ ትሪ ከበው የሰሙ ሴቶች ግን ቢሮ ይሄዳሉ። ይህን አሠሪው ከኛ ቀድሞ ገብቶታል!

እንዲህ የፈራ ደግሞ የኛው ብቻ አይደለም። ኩባ ውስጥ ሲጋር የሚጠቀልሉ ሠራተኞች ከ1860ዎቹ ጀምሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው አንባቢ ይቀጥሩ ነበር። እነሱ ትምባሆ ይጠቀልላሉ፣ እሱ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። አሜሪካ፣ ታምፓ ሲሻገሩም ልማዱን ይዘው ሄዱ። በ1931 የፋብሪካ ባለቤቶች አንባቢዎቹን አስወጧቸውና ሬዲዮ አስገቡ። ዘፈን ስሙ፣ ጋዜጣው ይቅርባችሁ ነው ነገሩ።

የማኅበር መሪዎቻችን ፊት ለፊት ተቀምጣችኋል፤ ደስ ባይላችሁም ስሙኝ። መዋጮው ከኛ ደመወዝ ይቆረጣል። ስልጠናው ግን ሆቴል ነው። አበል አለ፣ ሻይ በብስኩት አለ፣ ባነር አለ፣ ፎቶ አለ። ማሽን ላይ ያለችው ልጅ አዋጁን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ለሜይ ዴይ ቲሸርት ሰጣችሁን፤ አመሰግናለሁ፣ ግን ቲሸርት ስንሰፋ የምንውለው እኛው አይደለንም እንዴ?

ደግሞ "ሥራ ስላላችሁ አመስግኑ" የምትሉን አለቆች አላችሁ። በ2014 በጦርነቱ ፋብሪካዎቻችን ሲዘረፉ፣ ቀጥሎም አጎዋ፣ ልብሳችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር፣ ሲዘጋብን ስንቷ እንደተበተነች እኛም አይተናል። ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም! ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ያው አዋጅ ጽፎታል። የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።

የቀረውን ላሳጥር፣ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። ቅሬ፣ የወሎ ዕድር ማለት ነው፣ አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ የቀረ ይቀጣል። ከሥራ የተባረረችዋ ግን ፋብሪካው በር ላይ ብቻዋን ነው የምትቆመው። ቅሬያችን እስክንሞት ለምን ይጠብቃል? ይቺ ክፍል መደርደሪያ ብቻ ከሆነች እኔ የለሁበትም። ምድጃም ይግባባት፣ ትሪም ይግባባት። ማንበብ የማይችል ይስማ።

ሐሙስ ሐሙስ የቀን ፈረቃ ሲወጣ እንገናኛለን። ሽሮው ከኔ፣ እንጀራው ከየቤታችሁ። የመጀመሪያው ንባብ የዓመት ፈቃድ ነው፤ አንድ ዓመት ለሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን። ሙሉውን ወስዳችሁ የምታውቁ እጅ አውጡ እስቲ።

አያችሁ!