ሚኒሶታን ተዋወቋት

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ!

ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ልጆች ምዝገባ ከእኔ በፊት የተናገሩት በደንብ አስረድተዋችኋል። የእኔ ሥራ ቀለል ይላል። ያረፋችሁበትን አገር ላስተዋውቃችሁ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጠራ እንዳትደናገሩ።

ሚኒሶታ በ1858 የአሜሪካ 32ኛዋ ግዛት ሆነች። ባንዲራዋ ግን ገና ልጅ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በሜይ 2024 ነው። በመስቀያው በኩል ያለው ጠቆር ያለ ሰማያዊ የግዛቷን ቅርጽ ይመስላል። በላዩ ያለው ስምንት ጫፍ ያለው ነጭ ኮከብ የሰሜን ኮከብ ነው። ፈካ ያለው ሰማያዊ ደግሞ ውሃዋ ነው። በዋና ከተማዋ በሴንት ፖል ወዳለው ካፒቶል፣ ማለትም ወደ ግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንጻ፣ ጎራ ካላችሁ፣ ጉልላቱ ሥር ወለሉ ላይም ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ታገኛላችሁ። መግቢያው በነፃ ነው፤ ልጆቹን ውሰዷቸው።

ባንዲራው ለምን ተቀየረ? በድሮው ላይ አንድ ሰፋሪ መሬት ሲያርስ፣ አንድ የአገሬው ተወላጅ ደግሞ በፈረስ ሲጋልብ ይታይ ነበር። ብዙ ሰዎች ሥዕሉን የባለ አገሩን መፈናቀል እንደማወደስ ቆጠሩት። አዲሱን የማይወዱም ሞልተዋል። የድሮውን የሰቀለ ቤት ብታዩ አይግረማችሁ፣ ክርክሩ ገና አልበረደም። እናንተ ግን የዳኮታና የአኒሺናቤ ሕዝቦች ከሁሉም በፊት እዚህ እንደነበሩ እወቁ። ዛሬም በግዛቲቱ ውስጥ የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው 11 የነባር ሕዝቦች መንግሥታት አሉ።

ወደ ውሃው ልምጣ። የመኪና ታርጋው «10 ሺህ ሐይቆች» ይላል። በትሕትና ነው እንጂ ከ4 ሄክታር በላይ ስፋት ያላቸው ብቻ 11,842 ናቸው። ሚሲሲፒ ወንዝ የሚነሳው ከዚሁ ነው፣ ከኢታስካ ሐይቅ። መነሻው ላይ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጣችሁ ትሻገሩታላችሁ። ያው ውሃ ከ3,700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ተራራ ግን አትጠብቁ። ከፍተኛው ጫፍ፣ ኢግል ማውንቴን፣ 701 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ «ይሄም ተራራ ተባለ?» ቢል አልፈርድበትም።

የግዛቲቱ ወፍ ሉን ይባላል። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዓይኑ በሙቀቱ ወራት ደም ይመስላል። አጥንቱ እንደ ሌሎች ወፎች ውስጡ ባዶ ስላልሆነ ጠልቆ ዓሣ ማደን ይችልበታል። መሬት ላይ ግን መራመድ ያቅተዋል። ሐይቅ ዳር ካደራችሁ ሌሊት ጩኸቱን ትሰማላችሁ። ጅብ አይደለም፣ ተኙ።

አበባዋ ሮዝና ነጭ የሆነችው ሌዲ ስሊፐር ናት። ከዘር ተነስታ እስክታብብ እስከ 16 ዓመት ሊፈጅባት ይችላል። ጫካ ውስጥ ካያችኋት ፎቶ አንሷት እንጂ አትቅጠፏት፤ ከ1925 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን ሁላችሁም የምትፈሩት ነገር ላይ ደረስን፤ ብርዱ። በፌብሩዋሪ 1996 ታወር ከተማ አጠገብ ከዜሮ በታች 51 ሴልሺየስ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው በየዓመቱ አይመጣም፣ ግን ከዜሮ በታች 20 እና 25 እንግዳ አይደለም። በዚያ ብርድ የተጋለጠ ጆሮና ጣት ሳይታወቃችሁ ይጎዳል። ሚኒያፖሊስ መሃል ከተማ ሕንጻ ከሕንጻ የሚያገናኙት ስካይዌይ የሚባሉ ድልድዮች የተሠሩት ለዚህ ነው። ከተማው «ስኖው ኢመርጀንሲ»፣ ማለትም የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ፣ ሲያውጅ መኪናችሁን ከታዘዘው መንገድ አንሱ፣ አለዚያ ተጎትቶ ይሄዳል፤ ማስለቀቂያው ያማል።

ሰዎች በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ዳስ ጥለው ዓሣ ሲያጠምዱ ታያላችሁ። አይታችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትግቡ። በእግር ለመሄድ ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 4 ኢንች (10 ሴንቲ ሜትር ገደማ) መወፈር አለበት። ነጭና በስኖው የተሸፈነው ደካማ ነው። ሐይቁ ገና መርጋት ሲጀምርና ማርች ላይ ይብሳል። ልጆች ብቻቸውን በጭራሽ አይሂዱ። ይህንን ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይበቃኛል።

የሰዉ ጠባይ? ጨዋ ነው። መኪናችሁ በረዶ ውስጥ ከተያዘ የማታውቁት ሰው ወርዶ ይገፋላችኋል። ይሉኝታም አያጣውም፤ ፊት ለፊት «አልፈልግም» ከማለት ዞር ያለ መልስ ይሰጣል። ግን ቤቱ እስኪጠራችሁ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እንደ ኔ እንደ ኔ፣ አትጠብቁት። እናንተ ቀድማችሁ ቡና ጥሩት፣ ይመጣል።

በሩ አጠገብ ካፖርት፣ ጓንትና ቦት ጫማ ተደርድሯል። በነፃ ነው። የልጆቹን ቁጥር አስለክታችሁ ውሰዱ፤ ቦት ጫማውን በወፍራም ካልሲ ለኩት። አመሰግናለሁ።