ሰባተኛው ሆል የእኛ ይሁን

(ሜሪላንድ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የዛሬ አራት ዓመት ልጄን ይዤ ሴኔካ ክሪክ ፓርክ ሄድኩ። ዛፍ መሃል አንድ ብረት ተተክሏል። ከላይ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፣ ከታች ቅርጫት አለው። ሥጋ መጥበሻ መሰለኝ። እውነቴን ነው! ከሰሉ የት እንደሚገባ እየዞርኩ ስፈልግ፣ ከጫካው ውስጥ አንድ ሰው ጮኸ። ምን እንዳለ ሳይገባኝ ቀይ ዲስክ በጆሮዬ ሥር ሽው ብላ አልፋ ሰንሰለቱን መታችና ቅርጫቱ ውስጥ ዱብ አለች። ልጄ አጨበጨበ። እኔ ተሳደብኩ። ሰውየው ሮጦ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀን፣ ለልጄም አንድ ዲስክ ሰጠው። በዚያው ቀረን።

ለማታውቁት፣ ይህ ጨዋታ ዲስክ ጎልፍ ይባላል። ጎልፍ ነው፤ ዱላና ኳስ የለውም እንጂ። 175 ግራም አካባቢ የምትመዝን የፕላስቲክ ዲስክ ትወረውራለህ። ከወደቀችበት ሄደህ ደግመህ ትወረውራለህ፣ ቅርጫቱ እስክትገባ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ። አብዛኛው ሜዳ መግቢያ አይከፈልበትም። እኔን መጀመሪያ የማረከኝም እሱ ነው፣ ምን ልደብቃችሁ።

ቅርጫቱን የፈጠረው ኤድ ሄድሪክ የሚባል ሰው ነው። ፍሪስቢ የሚባለውን የመጫወቻ ዲስክ በሚያመርተው በዋም-ኦ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ላይ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ሠራ። ያኔ ዒላማው ተራ ምሰሶ ነበር። ዲስኩ ምሰሶውን ነካ አልነካ እየተባለ ጭቅጭቅ ሆነ። በ1977 የሰንሰለቱንና የቅርጫቱን የፈጠራ መብት (ፓተንት) አገኘ፣ ጭቅጭቁም ቆመ። ሰውየው በ2002 ሲሞት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ እንዲሠራበት ተናዞ ነበር። ተሠራለትም። አባቶች ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ፣ እኔ ያን ያህል አልገፋሁበትም።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ። እዚህ አጠገባችን አዲስ ሜዳ እየሠራን ነው። 18 ሆል አለው፤ አንድ ሆል ማለት አንድ መወርወሪያ ቦታና አንድ ቅርጫት ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ጉልበቱ የእኛ። ፈቃዱን ለማግኘት ብቻ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። ስለዚያ ባልናገር ይሻላል፣ የልብ ቃጠሎ አለብኝ።

ሜዳ መሥራት ቅርጫት ተክሎ መሄድ ይመስላል። አይደለም። መጀመሪያ ቀለም ያለው ባንዲራ ይዘን ጫካውን በእግር እንዞራለን። ተንቀሳቃሽ ቅርጫት እናቆማለን፣ እንወረውራለን፣ እንነቅላለን፣ ሌላ ቦታ እንሞክራለን። የውርወራው መስመር ሰው የሚሄድበትን መንገድ ማቋረጥ የለበትም። ልጆች የሚጫወቱበት አጠገብም አይደርስም። የኔ ጆሮ ምስክር ነው። ከዚያ ከመቆፈራችን በፊት 811 እንደውላለን፣ ከመሬት ሥር ያለውን የጋዝና የመብራት መስመር መጥተው ምልክት ያደርጉበታል። ጉድጓዷ ትንሽ ናት ብሎ ነገር የለም፣ ሕግ ነው።

ይህን ሁሉ በብርድ የምንሠራበት ምክንያት አለው። ቅጠል ሲረግፍ መስመሩ ወለል ብሎ ይታያል። ወፎችም ገና ጎጆ አልሠሩም። ጸደይ ገባ ማለት መጋዙን አስቀምጡ ማለት ነው።

ብርዱ ግን ተንኮል አለው። ባለፈው ዓመት አንድ ዛፍ ላይ የተጠመጠመ ፀጉራም ሐረግ አየሁ። ቅጠል የለውም፣ ደርቋል ብዬ ጓንቴን አውልቄ መነገልኩት። በሦስተኛው ቀን ክንዴ እሳት ሆነ። ፖይዝን አይቪ ነበር ለካ። ቅጠሉ ቢረግፍም መርዙ ግንዱ ውስጥ አለ። ባለቤቴ ኤሬት እየቀባች "ማን ላከህ?" ስትለኝ ከረመች። ስለዚህ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ፀጉር ያለው ሐረግ ካያችሁ አትንኩት። ጥሩኝ፣ እኔም አልነካውም፣ የሚያውቅ ሰው እንጠራለን።

ስለ መወርወሪያው ትንሽ ላውራችሁ። ቆመን የምንወረውርበት የኮንክሪት ወለል ነው። እኔ መደብ ነው የምለው፣ የአያቴን ቤት መደብ ስለሚያስታውሰኝ። ወርዱ 5 ጫማ፣ ርዝመቱ 10 ጫማ፣ ውፍረቱ 4 ኢንች ነው። ለአንዱ 28 ከረጢት ደረቅ ድብልቅ ይገባል። አንዱ ከረጢት 36 ኪሎ ነው። አስሉት፤ አስር ኩንታል ነው! መኪና በማይገባበት ጫካ፣ በእጅ ጋሪ። ይህ ለአንዱ መደብ ብቻ ነው።

የሰባተኛውን ሆል መደብ ስንሞላ አንድ አባት አብረውን ነበሩ። ልጃቸውን ሊያደርሱ መጥተው ዳር ቆመው ያዩናል። አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን በግንባታ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ትንሽ ታገሱን፣ ታገሱን፣ ከዚያ "ኧረ ውሃው በዛ!" ብለው ኮታቸውን አወለቁ። አካፋውን ከአንድ ጎረምሳ እጅ ተቀበሉ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳይናገሩ ስድስት ሰው አዘዙ። ጣውላውን ይዘው ወለሉን ግራ ቀኝ እየጎተቱ አስተካከሉት። መጨረሻ ላይ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጠረግ ጠረግ ተደረገ፣ ጫማ እንዳያንሸራትት። በማግስቱ ስንመጣ አንዲት አጋዘን መሃሉን ረግጣው ሄዳለች። አራት የሰኮና ምልክት። እንድፈን ስንል እሳቸው ናቸው "ተዉት" ያሉን። ዛሬም አለ።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ደቦ ነው ይለኛል። እኔ እንጃ። ደቦ ባለቤት አለው። ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ የሚጠራህ ሰው አለ። ወንፈልም ብድር ነው፣ ዛሬ ለኔ ነገ ላንተ። እዚህ የማንም እርሻ አይታጨድም። አብረውኝ ከሚቆፍሩት ውስጥ የራሳቸውን ግቢ ሣር ሰው ቀጥረው የሚያሳጭዱ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እዚያ ጭቃ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ምን ልበለው? ስም አላገኘሁለትም። ጠላ የለም፣ ፒዛ አለ። እሱም የፍስክ ነው።

የመጣሁበት ዋና ነገር ይኸው። ሜዳው ሲመረቅ ኑ አልላችሁም። ሪባን ሲቆረጥ ሰው አይጠፋም፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ ይመጣል። የምፈልጋችሁ ከዚያ በኋላ ነው። ጁላይ ላይ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ። ቅርጫቱ ዙሪያ ያለው አፈር በሰው እግር ተረግጦ፣ በዝናብ ታጥቦ፣ የዛፉ ሥር አጥንት መስሎ ሲወጣ። ያኔ ሦስት ሰው እንኳ ማግኘት ይቸግራል። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ማልበስ ነው። ዛፍ ቆራጮች ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጡናል፣ መጣያ ፍለጋ ከሚንከራተቱ። የሚያስፈልገው የሚበትነው ሰው ነው።

በሌሎች ሜዳዎች አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ የሥራ ቦታ አንድ ሆል ወስዶ ይንከባከባል። እኛም ሰባተኛውን እንውሰድ። ለአንድ ዓመት፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ለሦስት ሰዓት ያህል። ከዚህ አዳራሽ በየተራ አምስት አምስት ሰው ብንወጣ ይበቃል። ወገቡን የሚያመው ቆሻሻ ይለቅማል። ምንም የማይችል ቡና ያመጣል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተፈላጊ ነው።

ወላጆች፣ ይህችን ስሙኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ ሃይስኩል ለመጨረስ አብዛኛውን ጊዜ 75 የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሰዓት ያስፈልገዋል። በመጨረሻው ዓመት በግንቦት የሚሯሯጡትን አይቻለሁ። ይህ ሥራ እንዲቆጠርላቸው መጀመሪያ ትምህርት ቤታቸውን ይጠይቁ፣ ቅጹንም ይዘው ይምጡ። እናንተም በሩ ላይ ያለው ወረቀት ላይ ሰዓታችሁን ጻፉ። ለድጋፍ ገንዘብ ስናመለክት የበጎ ፈቃደኛ ሰዓት እንደ መዋጮ የሚታሰብበት ጊዜ አለ። "ምን አላት፣ ሁለት ሰዓት ናት" ብላችሁ አትለፉት።

የፊታችን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ጠዋት እንገናኛለን። በአሜሪካ አቆጣጠር ስምንት ነው። በሐበሻ ቀጠሮ ደግሞ አስር እንዳይሆን አደራ። ወፍራም ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ጭቃ የማይፈራ ጫማ። ሁዳዴ ስለሆነ ሳንቡሳው በምስር ነው፣ እኔ ቤት እየተዘጋጀ ነው። ኮታቸውን ያወለቁት አባትም ይመጣሉ። አካፋ አምጡ ብለውኛል፣ የኛን አልወደዱትም።